64 ልጅ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ዕቅድ፦ እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

የ4ኛ ሐ መምህርት

ሰላም መምህራን። አዲስ አበባ ዳር ላይ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት 4ኛ ክፍል አማርኛና ሒሳብ አስተምራለሁ። ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ የደረሰኝ ክፍል ግን ግራ አጋብቶኛል።

64 ልጆች ናቸው። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምረው የተማሩ፣ ጥያቄውን ሳልጨርስ እጃቸውን የሚያወጡ አሉ። ከእነሱ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ዘንድሮ ከገጠር መጥተው ዘመድ ቤት የሚኖሩ አሉ። እስከ 3ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ የተማሩ አራት ልጆችም አሉኝ። አማርኛ ይሰማሉ፣ እረፍት ላይ ይጫወቱበታል፣ ፊደሉ ግን ለእነሱ አዲስ ነው። አንድ ልጅ ደግሞ ከኋላ ይቀመጣል፣ ስጠራው ብዙ ጊዜ አይመልስም። አምና ያስተማሩት ሰነፍ ነው አሉኝ። እኔ አላመንኩም።

የዕለት ዕቅዴ ላይ «ድጋፍ ለሚሹ ተማሪዎች ልዩ ድጋፍ ይደረጋል» የምትል ዓረፍተ ነገር አለች። በየሳምንቱ እገለብጣታለሁ። ምን ድጋፍ? መቼ? በ40 ደቂቃ ውስጥ? ባለፈው ሳምንት ክፍልፋይ ሳስተምር ግማሹ ክፍል ሰልችቶት ያወራል፣ ግማሹ ምን እንደምል አልገባውም። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለፈጣን፣ ለመካከለኛ፣ ለዘገምተኛ ብዬ ሦስት ዕቅድ ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር፣ ከሁለት ቀን በላይ አልቻልኩም። እባካችሁ በተግባር የሠራችሁትን ንገሩኝ።

ጋሽ ጠመኔ

እህቴ፣ ሦስት ዕቅዱን ተዪው። 27 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ እንደዚያ አድርጎ የዘለቀ መምህር አላየሁም። ደግሞ ልጆቹን አንዴ «ዘገምተኛ» ብለሽ ከመደብሻቸው እነሱም ያውቁታል፣ አንቺም ሳታስቢው ከእነሱ መጠበቅ ታቆሚያለሽ።

መጀመሪያ እያንዳንዱ የት እንደደረሰ እወቂ። ፈተና አያስፈልግም። ከ2ኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ አንድ አጭር አንቀጽ ያዢ፣ ሌሎቹ የክፍል ሥራ ሲሠሩ በቀን 8 ልጅ እየጠራሽ ለአንድ አንድ ደቂቃ አስነብቢ። በ8 ቀን 64ቱን ትጨርሻለሽ። ስም ዝርዝሩ ላይ ምልክት አድርጊ፦ ፊደል የማይለይ፣ ፊደል ለይቶ ቃል መግጠም ያቃተው፣ አንብቦ ምን እንዳነበበ የማይነግርሽ፣ አንብቦ የሚያወራሽ። ስንቱ ያስደነግጥሽ ይሆናል። እኔን አስደንግጦኛል፣ ምክንያቱም ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያለውን አሳምሮ የሚገለብጥ ልጅ ያነባል ብዬ ለዓመታት አስብ ነበር።

ቄስ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ይህን ያውቀዋል። አንዱ ሀሁ ይቆጥራል፣ አንዱ አቡጊዳ ላይ ነው፣ ወዲያ ማዶ ዳዊት የሚደግም አለ። ሁሉም አንድ ዛፍ ሥር። ዳዊት የደረሰው ፊደል ቆጣሪውን ያስቆጥራል፣ የኔታ ደግሞ አንድ በአንድ እየጠሩ ይሰማሉ። ዱላውን አልናፍቅም። ግን ልጁ ያለበትን ሳይሰሙ ወደሚቀጥለው አያሳልፉትም ነበር።

ዕቅዱ አንድ ይሁን፣ ዓላማውም አንድ። የሚለያየው ወደ ዓላማው የሚገባበት በር ነው። ክፍልፋይን እንውሰድ። የዕለቱ ዓላማ 2/4 እና 1/2 እኩል መሆናቸውን ማወቅ ነው እንበል። ሁሉም ከአሮጌ ደብተር ወረቀት ቀድዶ ይጠፍ፦ አንዴ፣ ከዚያ ሁለቴ። ያልገባው እዚያው ወረቀቱ ላይ ይቆይ፣ ይጠፍ፣ ይቁጠር፣ ቀለም ይቀባ። የገባው ሥዕሉን ስሎ በቁጥር ይጻፍ። ቀድሞ የጨረሰው «ለምን እኩል ሆኑ?» የሚለውን በራሱ ቃል ይጻፍ፣ ወይ ለጓደኛው ጥያቄ ያውጣ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ጥያቄ ነው የምትጽፊው፣ ሦስት ዕቅድ አይደለም።

ከገጠር የመጡትን ደግሞ አትናቂያቸው። ክፍልፋይን ከከተማ ልጅ ቀድመው ያውቁት ይሆናል። የእኩል እርሻና የሲሶ እርሻ ሲባል፣ እህል ሲካፈል እያዩ ነው ያደጉት። የኔ አንድ ተማሪ 1/3 ምንድን ነው ስለው ዝም አለ፣ ሲሶ ስለው ግን ተነሥቶ ለክፍሉ በሙሉ አስረዳ።

ያ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ፣ ከጀርባው ቆመሽ በዝግታ ስሙን ጥሪው። ካልዞረ ነገ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጪውና ወላጁን አነጋግሪ። ጆሮውን ያመው እንደሆነም ጠይቂ።

የቢሾፍቱ ልጅ

ስለ አራቱ ልጆች ልናገር፣ እኔም እንደነሱ ነበርኩ። በቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ተምሬ 5ኛ ክፍል ላይ ወደ አማርኛ ገባሁ። እባክሽ «ማንበብ አይችሉም» ብለሽ አትመዝግቢያቸው። ማንበብ ይችላሉ። በሌላ ፊደል ነው የሚችሉት።

ለምሳሌ እንግሊዝኛ ላይ «ሲ» የምትባለዋን ፊደል «ጨ» ብለው ካነበቡ ተሳስተው አይደለም፣ በቁቤ «ጨ» ናት። «ኤክስ» ደግሞ «ጠ» ናት። ሌላው እኔን ያስቸገረኝ ማጥበቅና ማላላት ነው። በቁቤ ድምፁ ሲጠብቅ ፊደሉ ይደገማል፣ አናባቢው ሲረዝም ይደገማል። አማርኛ ላይ «ገና» ብለሽ ጽፈሽ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው በምን ይለየው? «አለ»ም እንደዚያው ነው። እናንተ ሳታስቡት ታነቡታላችሁ፣ እኛ እንቆማለን። መምህሬ ያን መቆም እንደ ስንፍና ቆጠረችው፣ ለአንድ ዓመት ያህል ድምፄን አውጥቼ አላነበብኩም።

ምን ይደረግ ካልሽ፦ ሠንጠረዥ አሠሪያቸው። አንድ ገጽ ላይ የሚያውቁትን ቁቤ በአንድ ወገን፣ ያንኑ ድምፅ በአማርኛ ፊደል በሌላ ወገን። 231 ፊደል በአንዴ አትጫኚባቸው፣ መጀመሪያ ግዕዙን፣ ከዚያ ካዕብና ሣልስ እንዴት ቅርጹን እንደሚቀይሩ። ድምፆቹን አብዛኞቹን ስለሚያውቋቸው ቶሎ ይይዙታል። ሒሳብ ላይ ደግሞ ቃሉ ጠፍቶባቸው በኦሮምኛ ከመለሱ ተቀበያቸው። ቁጥሩን አግኝተውታል እኮ።

የ8ኛ ሒሳብ

ጥሩ ነው፣ ግን እውነቱን እናውራ። እኔ ክፍል 70 ልጅ አለ፣ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ክልላዊ ፈተና አለ። ምዕራፉን ካልጨረስኩ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የሚያየው የዕቅዱ ፎርም መሞላቱን ነው። ቡድን ብለን አንድ ለአምስት አደራጅተን አየነው፣ ጎበዙ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ። የዚህን ሁሉ ልጅ ደብተር በየቀኑ ማን ያርማል?

ጋሽ ጠመኔ

ልክ ነህ ወንድሜ፣ ድካሙን አልክድም። ደብተሩን በየቀኑ ሁሉንም አላርምም። በቀን 8 ብቻ በደንብ አያለሁ፣ ሌላውን እርስ በርስ ያርማሉ። አንድ ለአምስቱ የተበላሸው ጎበዙ ሁልጊዜ መሪ ስለሆነ ነው። እኔ ቡድኑን በየሁለት ሳምንቱ አፈርሰዋለሁ። መልሱን እንዲያስረዳ የምጠራውም መሪውን አይደለም፣ ከቡድኑ በዕጣ የወጣውን ነው። ያኔ ጎበዙ ማስገልበጡን ትቶ ማስረዳት ይጀምራል፣ ምክንያቱም ጓደኛው ካልገባው ቡድኑ ነጥብ ያጣል።

ምዕራፍ ስለመጨረስ፦ አንተ ጨርሰህ ልጁ 3ኛ ምዕራፍ ላይ ከቀረ ፈተናው ላይ የሚቀመጠው እሱ ነው። 8ኛ ክፍል ላይ ይከብዳል፣ ገብቶኛል። ለዚህ ነው 4ኛ ክፍል ላይ ያለችው እህታችን ጥያቄ የሚያስደስተኝ።

የቅዳሜ አስተማሪ

እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቻችን አማርኛ አስተምራለሁ። የኔ ክፍል 14 ልጅ ብቻ ነው፣ ግን ከ6 እስከ 13 ዓመት ናቸው። ሰምቶ በእንግሊዝኛ የሚመልስ አለ፣ ጭራሽ የማይሰማ አለ፣ ከአገር ቤት ከመጣ ሁለት ዓመቱ የሆነና አቀላጥፎ የሚያነብ አለ። ይሄኛው መጀመሪያ ላይ ረባሽ መስሎኝ ነበር። ሰልችቶት ነው ለካ።

አንድ ሥዕል ይዤ እገባለሁ፣ ለምሳሌ የቡና ሥነ ሥርዓት። የማይሰሙት ስሙን ስጠራ ያሳዩኛል፦ ጀበና፣ ሲኒ፣ ረከቦት። የሚሰሙት አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ። አንባቢው ልጅ ታሪኩን ጽፎ ለሁሉም ያነባል። ሁሉም የሚያወራው ስለዚያው ቡና ስለሆነ ማንም ተለይቶ የወጣ አይመስለውም። የሚገርመው፣ ቤታቸው አያት ያላቸው ልጆች ከሁሉም ይበልጣሉ። ስለዚህ የቤት ሥራዬ ብዙ ጊዜ «አያትሽን ጠይቂና ነይ» ነው፣ ቤታቸው አያት የሌላቸው ደግሞ ለአያታቸው ስልክ ይደውላሉ።

የ4ኛ ሐ መምህርት

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ዘግይቼ ነው የተመለስኩት፣ ሠርቼ ልምጣ ብዬ።

ጋሼ፣ እንዳሉኝ 64ቱንም አስነበብኩ። 17 ልጆች ቃል መግጠም አይችሉም። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ በጣም ጎበዝ የምላቸው ነበሩ፣ ቃል በቃል ሸምድደው ነው የሚመልሱት። በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት በኋላ ግማሽ ሰዓት ለ17ቱ ፊደል ጀምሬያለሁ፣ የሚያነቡት ልጆች እየተፈራረቁ ያግዙኛል።

የቢሾፍቱ ልጅ፣ ሠንጠረዡን አራቱ ራሳቸው ሠርተው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። አሁን የአማርኛ ልጆች ቁቤ ማንበብ እየተማሩበት ነው፣ ይህን ጨርሶ አልጠበቅኩም።

ልጁን ከጀርባው ጠራሁት። አልዞረም። ሁለተኛም ጠራሁት። እናቱ መጥታ ሕፃን ሳለ ጆሮው መግል ይወጣው እንደነበር ነገረችኝ፣ ጤና ጣቢያ ሄደዋል፣ ወደ ሆስፒታል ተልከዋል። አሁን ፊት ወንበር ላይ በደህናው ጆሮው ወደ እኔ ዞሮ ነው የሚቀመጠው። ትናንት እጁን አወጣ።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። ለእሱ ስል ወደ ሰሌዳው ዞሬ እየጻፍኩ ማውራት ማቆም አለብኝ፣ ግን ልማድ ሆኖብኛል። መስማት የሚቸገር ልጅ ያስተማራችሁ፣ ዕቅዳችሁ ውስጥ ሌላ ምን ለወጣችሁ?