ባለሁለት ሞተር ጀልባ፦ ፕሮፔለሮቹ ወደ ውጭ ይዙሩ ወይስ ወደ ውስጥ?

ጠያቂ፦ ሁለት ሞተር ስላላት ጀልባ ልጠይቅ። ከኋላ ቆመን ስናያት፣ ወደፊት ስትሄድ የቀኙ ፕሮፔለር በሰዓት አቅጣጫ፣ የግራው በተቃራኒው ከዞሩ «ወደ ውጭ» ይባላል። ግልባጩ «ወደ ውስጥ» ነው። የቱ ይሻላል?

ካፒቴን፦ ይሄ ደግሞ ያከራክራል? ወደ ውጭ! ጠባብ ቦታ ላይ ወደ ቀኝ ለመዞር የግራውን ሞተር ወደፊት፣ የቀኙን ወደኋላ እሰጣለሁ። ያኔ ሁለቱም ፕሮፔለሮች ከሰዓት ተቃራኒ ይዞራሉ። የጎን ግፊታቸው (ፕሮፔለር ሲዞር ጭራዋን ወደ ጎን የሚገፋበት ኃይል) ጭራዋን ወደ ግራ ይወስዳታል፣ አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ይመጣል። ወደ ውስጥ የሚዞሩት ግን ጭራዋን ወደ ቀኝ ይገፉብኛል። ከገዛ ጀልባዬ ጋር ግብግብ!

ነዳጅ ቆጣቢ፦ ካፒቴን፣ ወደብ ውስጥ የሚዞሩት ለስንት ደቂቃ ነው? ቀሪው ጉዞ ቀጥታ ነው። ከጀልባ ሆድ ሥር የሚመጣው ውሃ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። በአንዳንድ ቅርጾች ላይ ወደ ውስጥ የሚዞር ፕሮፔለር ያንን ጥምዘዛ ይጠቀምበታል። ነዳጅ ይተርፋል።

ካፒቴን፦ «በአንዳንድ» ነው ያልከው፣ ወንድሜ። ከወደቡ ግድግዳ ጋር ከተላተምክ ደግሞ የተረፈው ነዳጅ ጥገናውን አይሸፍንልህም።

መካኒክ፦ ሁለታችሁም የፕሮፔለሩን ዓይነት ዘላችሁታል። የቅጠሎቹ አንግል የሚቀየር ከሆነ፣ ወደኋላ ሲሰጥ ዘንጉ አቅጣጫውን አይቀይርም። የሚገለበጠው አንግሉ ብቻ ነው። ስለዚህ የካፒቴን ስሌት ይገለበጣል። ወደ ውስጥ በሚዞሩት ላይ የቀኙ ወደኋላ ሲሰጥም ከሰዓት ተቃራኒ መዞሩን ይቀጥላል፣ ጭራዋንም ወደ ግራ ይገፋል። የግራው ይቃወመዋል፣ እውነት ነው። ግን የጎን ግፊት የሚበረታው ወደኋላ በሚሰጠው ላይ ነው። እንዲህ ያሉ መርከቦች ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ እንዲዞሩ የሚደረገው ለዚህ ነው።

ካፒቴን፦ እኔ ያልኩት ቅጠሉ የማይንቀሳቀሰውን ነው። እሱ ላይ ፍንክች የለም።

ጠያቂ፦ ወደፊት ስትሄድ ሁለቱም ፕሮፔለሮች በሰዓት አቅጣጫ ቢዞሩስ? መለዋወጫው አንድ ዓይነት ይሆናል።

መካኒክ፦ ይሠራል፣ ግን ሁለቱንም ወደኋላ ስትሰጥ ጭራዋ ወደ ግራ ትሸሻለች። አንዱ የሌላውን ግፊት አያጠፋውማ።

ነዳጅ ቆጣቢ፦ ካታማራንስ፣ ጎን ለጎን ሁለት ቀፎ ያላት ጀልባ? ሞተሮቹ በጣም ስለሚራራቁ የሚያዞራት በዋናነት ርቀቱ ነው። እዚያ ላይ የካፒቴን ክርክር ይሳሳል።

ካፒቴን፦ ካታማራን ስትሰጠኝ እንነጋገራለን።