ለጂኦካሺንግ ዕረፍት፦ ፓርክ ውስጥ ያለ ሎጅ ወይስ በር ላይ ያለ ሆቴል?

ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ለጂኦካሺንግ (በጂፒኤስ እየተመሩ የተደበቁ ሣጥኖችን የመፈለግ ጨዋታ) የሚመች ማረፊያ ጠቁሙን ላላችሁ ሁሉ፦ ከኮከቡና ከመዋኛ ገንዳው በፊት የካሾቹን፣ ማለትም የተደበቁትን ሣጥኖችና የሚፈለጉትን ቦታዎች፣ ካርታ ክፈቱ። የት ማደር እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ፓርኩ ውስጥ ካለ ሎጅ፣ በሩ ላይ ካለ ሆቴልና ራቅ ብሎ ከተማ ውስጥ ካለው እኔ ሳላመነታ የበሩን እመርጣለሁ። ብዙ ፓርኮች ያለ ፈቃድ ክልላቸው ውስጥ ሣጥን መደበቅ ይከለክላሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮችማ ሳይፈቀድ የተቀመጠን ካሽ ባለቤት አልባ ዕቃ አድርገው ሊያነሱት ይችላሉ። ደግሞም እውነት አላቸው፤ ፈላጊው በበዛ ቁጥር ሣሩ ይረገጣል፣ ያልነበረ መንገድ ይወጣል። ስለዚህ ከፍታችሁ ውስጣቸው ባለው ወረቀት ላይ የምትፈርሙባቸው ካሾች በአብዛኛው ከክልሉ ውጭ ናቸው፤ ውስጥ የሚበዙት ቨርችዋል (ሣጥን የሌለው፣ ቦታው ድረስ ሄዶ በማየት የሚመዘገብ) እና ኧርዝካሽ (ሣጥን ሳይኖረው ስለ ቦታው መሬትና ድንጋይ የሚጠይቅ) ናቸው። በሩ ላይ ያደረ ሰው ጠዋት ወደ ውስጥ፣ ከሰዓት ወደ ውጭ ማለት ይችላል።

ሎጁ የሚያዋጣው ለኧርዝካሽ ወዳጆች ነው። ኧርዝካሽን ሣጥን ስለሌለው ብቻ ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጥብኝ እሱ ነው። የመጀመሪያው ኧርዝካሽም እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው አውስትራሊያ ውስጥ፣ ሙራማራንግ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ኧርዝካሽ ለምሳሌ አንድ ገደል ፊት ያቆማችኋል፤ ከዚያ የታችኛው ንብርብር ከላይኛው በምን ይለያል፣ ጠጠሮቹ ሹል ናቸው ወይስ የተድበለበሉ ብሎ ይጠይቃችኋል። ጠጠሩ ከተድበለበለ ብዙውን ጊዜ ውሃ እያንከባለለ አለስልሶታል ማለት ነው። መልሱን ለካሹ ባለቤት ትልካላችሁ፣ አለቀ። ይህን ለማየት ሰው ሳይበዛ ማልዶ መድረስ ደስ ይላል፤ እዚያው ያደረ ደግሞ ይቀድማል።

ሆቴሉ «የጂኦካሺንግ ፓኬጅ አለን» ካላችሁ «ነጥቦቹ ጂኦካሺንግ ዶት ኮም (የጨዋታው ዋና ድረ ገጽ) ላይ የተመዘገቡ ናቸው ወይስ ሆቴሉ ራሱ ያዘጋጀው ጨዋታ?» ብላችሁ ጠይቁ። ድረ ገጹ ንግድ የሚያስተዋውቅ ካሽ በመደበኛው አያወጣም፤ ስለዚህ ሪሴፕሽን ላይ በወረቀት የሚሰጣችሁ ዝርዝር ብዙ ጊዜ የቤት ውስጥ ጨዋታ ነው። ለልጆች ጥሩ ነው፣ በስማችሁ ግን አይቆጠርም። ጂፒኤስ የሚያከራዩ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት አብሩት፤ ነጥቦቹ ተጭነው እንደሆነና ባትሪው እንዳልደከመ እዚያው እዩ።

አንዷ እህት ስልክ ይበቃል ወይ ብላ ጠይቃለች። ለቅዳሜና እሁድ ይበቃሻል። ሰማዩ ገለጥ ባለበት ስልክም ጥቂት ሜትር ድረስ ያደርሳል፤ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥርና ገደል አጠገብ ግን ሁሉም መሣሪያ ይዋዥቃል፣ ያኔ ዓይንሽን ነው የምታምኚው። ደጋግሞ ለሚወጣ ሰው ጋርሚን ኢትሬክስ 22ኤክስ የተባለውን የእጅ ጂፒኤስ እመክራለሁ፦ በሁለት ተራ ባትሪ ድንጋይ እስከ 25 ሰዓት ይሠራል፣ ዝናብም አይበግረውም። ስልክ ይዞ ለሚወጣ ፓወር ባንክ ግዴታ ነው።

አፕ ላይ፣ አንድሮይድ ላላችሁ ሲጂኦ ነፃ ነውና ከእሱ ጀምሩ። አይፎን ላይ ካችሊ ይከፈልበታል፣ ግን የሚያስቆጭ አይደለም። የትኛውንም ያዙ፣ ፓርክ ውስጥ ኔትወርክ አትመኑ፤ ማታ በሆቴሉ ዋይፋይ ካርታውን፣ መግለጫውንና ፍንጩን አውርዱ።

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ የመሬት አቀማመጥ ደረጃው (መንገዱ ምን ያህል እንደሚከብድ ከ1 እስከ 5 የሚነግረው ቁጥር) ከ2 ያልበለጠ፣ መጠኑ ደግሞ መካከለኛና ከዚያ በላይ የሆነውን ፈልጉ። ጣት የማታህል ብልቃጥ ውስጥ ተጠቅልሎ የረጠበ ወረቀት ማውጣት ለልጅ አያስደስትም፤ የሚለዋወጡት መጫወቻ ያለበት ሣጥን ነው የሚጠብቁት። እስክሪብቶ እናንተው ያዙ፣ ብዙዎቹ ውስጥ የለም። ምግብ ውስጡ አታስቀምጡ፣ አውሬ ይጠራል።

ዝርዝራችሁን ከመጨረሳችሁ በፊት በእያንዳንዱ ካሽ ገጽ ላይ ፈላጊዎች በቅርብ የጻፏቸውን ማስታወሻዎች አንብቡ። የመጨረሻዎቹ ሦስት አራት ሰዎች «አላገኘሁም» ብለው ከጻፉ ከዝርዝሩ አውጡት።