የባለቤቴ ንፍፊት «ከቫይረስ የመጣ ካንሰር ነው» ተባለ፤ ምን ማለት ነው?

የሜሪላንዷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ 54 ዓመቱ ነው። ሲጋራ አጭሶ አያውቅም፣ ጫት አይቀምስም፣ መጠጥም ቢሆን በዓመት በዓል አንድ ብርሌ ጠጅ ነው። ጢሙን ሲላጭ ከመንጋጋው ሥር የማያመው ንፍፊት አገኘ። የጥርስ ይሆናል ተብሎ የታዘዘለትን አንቲባዮቲክ ጨረሰ፤ ንፍፊቱ ግን እዚያው ነው። በመርፌ ናሙና ተወስዶ ሲታይ ከቶንሲሉ የተነሳ ካንሰር ሆነ። ወረቀቱ ላይ «ፒ16 ፖዘቲቭ» ይላል። ሐኪሙ ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ ያመጣው ነው አለን። እኔ ይህን ቫይረስ የማውቀው በማህጸን በር ካንሰር ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል ሲል ጆሮዬ ተደፈነ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ከተጋባን ከሃያ ዓመት በላይ ሆነን። እርሱም ከዚያ ቀን ወዲህ ቀና ብሎ አያየኝም። ልጆቹስ? በአንድ ትሪ በልተን፣ አጉርሰን ነው ያሳደግናቸው።

አባ መላ፦
እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። ጠበል ውሰጂው። የፈረንጅ ወረቀት ትዳር አያፍርስባችሁ።

የጨረር ክፍል ነርስ፦
ጠበሉንም ይጠመቅ፣ የጨረሩን ቀጠሮ ግን አንድም ቀን እንዳያስቀር።

እህቴ፣ በመጀመሪያ ጥርጣሬሽን እናንሳ። ይህ ቫይረስ አፍ ውስጥ ቢገባም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። ጥቂት ሰዎች ላይ ግን በቶንሲልና በምላስ ሥር ባሉት ጥቃቅን ስርጉዶች ውስጥ ይደበቃል፤ ካንሰር እስኪሆንም አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ባለቤትሽ አንቺን ከማወቁ በፊት ይዞት ሊሆን ይችላል። ከማን እና መቼ እንደመጣ የሚናገር ምርመራ የለም። ግንኙነት የጀመረ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በዕድሜው አንድ ጊዜ ያገኘዋል፤ አንቺም እኔም አልቀረልንም። የፓቶሎጂ ወረቀት የዝሙት ማስረጃ ሆኖ አያውቅም! ይህን ዛሬ ማታ ለእርሱም ንገሪው፤ አንገቱን የደፋው በዚሁ ይመስለኛል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው 16 ቁጥር የሚባለው የቫይረሱ ዓይነት ነው። ኢ6 እና ኢ7 የሚባሉ ፕሮቲኖቹ ሕዋስ ያለ ልክ እንዳይባዛ የሚገቱትን ፒ53 እና አርቢን ያሰናክላሉ። አርቢ ሲሰናከል ፒ16 የሚባል ሌላ ፕሮቲን በሕዋሱ ውስጥ ይከማቻል፤ ናሙናው ላይ ቀለም አድርገው የሚፈልጉት እርሱን ነው። ድድ፣ ጉንጭና የፊተኛው ምላስ ላይ የሚወጣው ካንሰር ግን በአብዛኛው የትምባሆና የአልኮል ነው። እዚህ አሜሪካ በቶንሲልና በምላስ ሥር አካባቢ ከሚነሱት ካንሰሮች 70 በመቶ ያህሉ ከኤችፒቪ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ታማሚዎቹም ይበልጡን ወንዶች ናቸው።

ደግሞም ከትምባሆ ከሚመጣው ይልቅ ለሕክምና የሚሸነፍ ነው። ንፍፊቱ አንገት ላይ ወጣ ማለት አበቃ ማለት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የዚህ ካንሰር ደረጃ ከሌላው የጉሮሮ ካንሰር ተለይቶ ለብቻው የሚወሰነውም በዚሁ ምክንያት ነው። በማዕድና በጉርሻ አይተላለፍም። አንቺ የማህጸን በር ምርመራሽን በጊዜው አድርጊ እንጂ አልጋ አትለዩ።

የዳላሱ፦
እኔም የምላስ ሥር ካንሰር ታምሜ ድኛለሁ፤ ያው ፒ16 ነበር። ለሰባት ሳምንት ከሰኞ እስከ ዓርብ ጨረር፣ ሲስፕላቲን ከሚባለው የካንሰር መድኃኒት ጋር። ነርሷ ያልነገረችሽን ልጨምር። ጨረሩ ሳይጀመር ጥርስ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ የሚነቀል ካለ በፊት ይነቀል፣ ጨረር ያገኘው መንጋጋ በኋላ ቁስሉ በቀላሉ አይድንም። የፊት ጭምብል ይሠሩለታል፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ነው፣ በሙቅ ውኃ አለስልሰው ፊትህ ላይ ይጭኑትና እዚያው ይደርቃል። ከጠረጴዛው ጋር በቁልፍ ሲያያዙት የሚያስጨንቀው ሰው ከሆነ አስቀድሞ ይናገር፣ መድኃኒት ይሰጡታል።

ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ በርበሬ የሚባል ነገር አይታሰብም። ውኃ እንኳን ያቃጥላል፣ ምራቅ እንደ ሙጫ ይወፍራል፣ ቡና የብረት ጣዕም ይሰጣል። እኔን ያቆየኝ ቀጠን ያለ አጥሚትና የተልባ ውኃ ነው። መዋጥ ቢያመውም በየቀኑ ይዋጥ፤ ያቆመ ጉሮሮ መዋጥ ይረሳል። ጾም ከገባ የነፍስ አባታችሁን አነጋግሩ። የእኔ «በሽተኛ ምን ጾም አለው» ብለው ተቆጥተውኛል።

የሜሪላንዷ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእርሱም አነበብኩለት፤ ስለ ጭምብሉ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፤ ወንዱ ልጄ 12 ዓመቱ ነው። የኤችፒቪ ክትባት የሴት ብቻ አይደለም?

የጨረር ክፍል ነርስ፦
አይደለም። እዚህ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለወንዶችም ይመከራል፤ የተለመደው ዕድሜ 11 እና 12 ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የጉሮሮ ካንሰርንም ይከላከላል ከሚባሉት ውስጥ አስገብቶታል። ስንት መርፌ እንደሚያስፈልገው የልጁን ሐኪም ጠይቂ። የባለቤትሽን ካንሰር ግን አያክምም። አገር ቤት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሯል፤ እዚያ የእህት ልጆች ካሉሽ ጠይቂላቸው።