የተሸረፈ የቢላ ስለት በቤት ውስጥ እንዴት ይስተካከላል?

ጤና ይስጥልኝ። የወጥ ቤት ቢላዬ ከበግ አጥንት ጋር ተጋጭቶ ከጫፉ ሦስት ጣት ያህል ገባ ብሎ ስለቱ ተሸርፏል፤ ጥልቀቱ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፣ ሆኖም ሽንኩርት በተከተፈ ቁጥር ልጣጩ እዚያው እየተሰነቀረ ያስቸግራል። ያለኝ አንዱ ገጹ 400፣ ሌላው 1000 ቁጥር የሆነ የመሳያ ድንጋይ ነው። ሽራፊው የሚጠፋው ቀሪው ስለት እስከ እርሱ ጥልቀት ድረስ ተፍቆ ሲወርድ ብቻ መሆኑን እረዳለሁ፤ የቸገረኝ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ቢላውን በድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርጎ አቁሞ ስለቱን ማስተካከል፣ ከዚያም ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አጋድሞ መሳል ይሻላል ወይስ ከመነሻው አጋድሞ በትዕግሥት መፋቅ? በ400ው ብሞክርም ሽራፊው እምብዛም ስላልቀነሰ ሻከር ያለ፣ ለምሳሌ 220 ቁጥር፣ ልግዛ? በኤሌክትሪክ ግራይንደር ለሚስሉት እንዳልሰጥ (ዋጋቸው እንኳ ቅር አያሰኝም) ብረቱ ግሎ ወደ ሰማያዊነት ከተለወጠ ጥንካሬውን ያጣል ብዬ ሰግቻለሁ። ስለቱ ወደ ወፍራሙ የብረቱ ክፍል ሲጠጋ ጎንና ጎኑንም ማሳሳት ያስፈልግ እንደሆነ፣ በእጃችሁ የሠራችሁት ብታስረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።