የድሮ ዎልፔፐር ከግድግዳ እንዴት ይነሳል? ቤቱ ጎንደር ነው፣ ግማሹ ድንጋይ ግማሹ ጭቃ

የፒያሳዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ፒያሳ አካባቢ ያለውን የአያቴን ቤት ለጥምቀት ላድሰው ብዬ ተነስቻለሁ። ሳሎኑ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው ይባላል። ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ በኖራ የተለሰነ። ከኋላ የተቀጠለው መኝታ ቤት ግን ጭቃ ነው። ሁለቱም ላይ የድሮ ዎልፔፐር አለ። የሳሎኑ ወፍራምና ላስቲክ ላስቲክ የሚል ነው። የመኝታ ቤቱ ቀጭን ወረቀት ሆኖ፣ ጥጉ ሲገለጥ ከሥሩ ጋዜጣ ይታያል። አንዱ ማዕዘን ደግሞ ሻግቷል። ቀለም ቀቢው «ለምን ትደክሚያለሽ፣ በላዩ ላይ ልቀባልሽ» ይለኛል። ውሃ እንደምታውቁት በፈረቃ ነው፤ ሮቶውን ለዚህ መጨረስ አልፈልግም። ምን ይሻለኛል?

ስፓቱላ
በላዩ ላይ አይቀባ! ቀለሙ ውስጥ ያለው ውሃ ሙጫውን ያርሰዋል፣ ወረቀቱ እዚህም እዚያም ያብጣል። መገጣጠሚያዎቹም ከቀለሙ ሥር ጎልተው ይታያሉ። ያን ጊዜ ማንሳቱ የባሰ ነው፤ ውሃው በቀለሙ አልፎ ሙጫው ጋ አይደርስማ።

ከሳሎኑ ጀምሪ። ትንሽ ውሃ ረጨት አድርጊበትና እዪው። ውሃው ሳይገባ ቁልቁል ከወረደ ላዩ ፕላስቲክ ነው ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ከላይ ብታጥቢው ብትውዪ ለውጥ የለውም። መጀመሪያ የፕላስቲኩን ሽፋን በደረቁ አንሺው። ጥጉን በቀጭን ስፓቱላ ከፈት አድርጊና፣ ወደ ራስሽ ሳይሆን ወደ ታች፣ ግድግዳውን ታክኮ እንዲወርድ ቀስ ብለሽ ሳቢው። ብዙ ጊዜ በሰፊው ይላጣል። ከሥሩ የሚቀረው ስስ ወረቀት ነው፤ ውሃ የሚፈልገው እሱ ነው። አልላጥ ያለውን ቦታ በምላጭ ቢላ ላዩን ብቻ ጫር ጫር አድርጊው፤ ልስኑን እንዳትነኪ።

ከዚያ ለብ ካለው ትንሽ ከፍ ያለ ሙቅ ውሃ፣ ጠብታ ላርጎ ጨምሪበት። በስፖንጅ አርሺና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተይው። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ሳይርስ የሚፋቅ ወረቀት ልስን ይዞ ይመጣል። ስትፍቂ ስፓቱላውን ወደ ግድግዳው አስተኚው። አዲስ ከሆነ ሁለቱን ሹል ጫፎች በሞረድ ክብ አድርጊያቸው፣ ግድግዳ አይቧጥጡም። በአንዴ የበር ስፋት ያህል ብቻ አርሺ፤ ሙሉውን ካረስሽው ጫፍ እስክትደርሺ ይደርቃል።

ደግሞ ብሬከሩን አጥፊ። ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያውን በፕላስተር ሸፍኚ። ወለሉ ላይ አሮጌ አንሶላ ዘርጊ፣ ሙጫው ያንሸራትታል።

ማራኪ ሰፈር
ውሃው ላይ አንድ ኩባያ አቼቶ ጨምሪበት፣ ሙጫውን ቶሎ ይለቀዋል። ለውሃ ቁጠባ ደግሞ የልብስ ካውያ ጥሩ ነው። ፎጣ አርጥበሽ ጨምቂው፣ ግድግዳው ላይ ያዥውና በላዩ ካውያውን ጠጋ አድርጊ። እንፋሎቱ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። ሳሎኑ በሁለት ባልዲ ያልቃል እኮ።

የፊዚክሱ መምህር
ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። «አልፈላልኝም» ብላችሁ ከሰል አትጨርሱ። ለነገሩ ሙጫው መፍላት አያስፈልገውም፣ እጅ የሚችለው ሙቀት ይበቃዋል። በእንፋሎት ብቻ አትተማመኚ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ሥራሽ ይቆማል። በስፖንጅ የጀመርሽው ግን አይቆምም።

እማማ የቀሃዋ
ልጄ፣ የጭቃውን ነገር እኔ ልንገርሽ። ይህ ሁሉ ልጅ የሚነግርሽ ለድንጋዩ ነው። ጭቃ ላይ በስፖንጅ ውሃ ካፈሰስሽ ምርጊቱ ጭዱን ይዞ ይወርድልሻል፣ ኋላ እንጨቱን እያየሽ ነው የምትተኚው።

ጋዜጣውን የለጠፍነው በስንዴ ዱቄት ሙጫ ነው። አፈር እንዳይራገፍ፣ ቤቱም ብርሃን እንዲኖረው ብለን ነበር። ስለዚህ ትንሽ ርጥበት ይበቃዋል። አበባ የሚረጩበትን የእጅ መርጫ ያዢና እንደ ጤዛ ንፊበት። ጠብቂ። ድገሚ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች በእጅሽ ላጪው። አልመጣም ያለውን አትታገዪው። አጥብቆ የያዘ ጋዜጣ ቢቀር ምንም አይልም፣ በላዩ ስስ ምርጊት ይመረጋል። የለቀቀውን ግን አንድም አታስቀሪ፤ ትኋን የሚሸሸገው እዚያ ነው፣ የዱቄቱን ሙጫ ደግሞ በረሮ ይወደዋል። ያነሳሽውንም እቤት አታሳድሪ፣ ወዲያው አውጥተሽ አቃጥዪው።

የአዘዞ ልጅ
እማማ፣ ሁሉንም እንዳታስቃጥሏት! ከሥር ያለው አዲስ ዘመን ከሆነ ቀኑ የሚነበበውን ክፍል አስቀሪ። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተማል። ቀኑ ቢያንስ ግድግዳው ከመቼ በኋላ እንደተለጠፈ ይነግርሻል። የአያትሽ ቤት ስለሆነ ነው።

ብርቱካን
ለሻጋታው በረኪና ርጪበት፣ ድራሹ ይጠፋል።

ስፓቱላ
ብርቱካን፣ ተይ እንጂ! እላይ አቼቶ ተብሏል። በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ መርዛማ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሳንባ ይጎዳል። የፒያሳዋ፣ በአቼቶ ካረስሽ በረኪና እዚያ ቤት አይግባ። ላርጎው ብቻውን ይበቃል፣ እኔ አቼቶውን ራሱ ብዙም አልፈልገውም።

ሻጋታ ደግሞ ምክንያት አለው። ምክንያቱ ሳይነካ ግድግዳ ማጠብ ለሚቀጥለው ክረምት ቀጠሮ መያዝ ነው። ውጭ ወጥተሽ ያንን ማዕዘን እዪ። አሸንዳው ተቀዶ ይሆናል፣ ወይ የግቢው አፈር ከቤቱ ወለል በላይ ተቆልሎ። አሁን በጋ ስለሆነ ለመጠገንም ለማድረቅም ጊዜው ነው። ስታነሺው አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ መስኮት ክፈቺ። የጭቃው ግድግዳ ከሆነ የሻገተውን ምርጊት ፈልፍለሽ ጣይና አዲስ አስመርጊ።

ሰላም የቀበሌ 18
በዚሁ ልጠይቅ። እኔ ኩሽና ላይ ያለው ራሱ የሚለጠፈው ስቲከር ነው። እሱም በውሃ ይነሳል?

ማራኪ ሰፈር
አይነሳም ሰላምዬ። በፀጉር ማድረቂያ አሙቂውና ሲለሰልስ ሳቢው። የሚቀረውን ማጣበቂያ በምግብ ዘይት እሺው፣ ከዚያ በላርጎ እጠቢው።

የፒያሳዋ (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ። እማማ፣ እጅዎን ይባርከው፣ መርጫው ሠርቶልኛል። ማዕዘኑም እንደተባለው አሸንዳው ነበር። ሳሎኑ ላይ ፕላስቲኩ በሰፊው ተላጠ። ግን ከሥሩ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ወጣ፣ አንዳንድ ቦታ ቅርፊት ቅርፊት ሆኗል። በብርጭቆ ወረቀት ላስፍቀው? ደግሞ ስነካው ያሟልጫል።

ስፓቱላ
የሚያሟልጨው የቀረ ሙጫ ነው። ውሃ እየቀየርሽ እጠቢው፣ አለበለዚያ አዲሱ ቀለም በላዩ ይሰነጣጠቃል። መጥፋቱን ለማረጋገጥ ፋርማሲ የሚሸጠውን አዮዲን በውሃ አቅጥነሽ ጠብ አድርጊበት። ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ የዱቄት ሙጫ ገና አለ። ሙጫው የፋብሪካ ከሆነ ላይታይ ስለሚችል የእጅሽን ስሜት እመኚ።

የዘይት ቀለሙን ግን በደረቁ በፍጹም እንዳታስፍቂ! የድሮ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ አቧራው ለሕፃናት ክፉ ነው። ጥምቀት ላይ የእንግዳ ልጆች ይመጡ የለ? ቅርፊቱን ብቻ አርጥበሽ አንሺ፣ የያዘውን ተይው። ለማሻከር በውሃ የሚሠራውን ብርጭቆ ወረቀት እያራስሽ ተጠቀሚ። ፍርፋሪውን በላስቲክ ጠቅልለሽ ጣይ፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በመጥረጊያ አታጽጂ።

ከዚያ ግድግዳውን በጣትሽ መገጣጠሚያ ኳ ኳ አድርጊ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ልስን ለቋል። ያንን አንስተሽ በኖራ ልስን ሙዪው። በሲሚንቶ ይደረግ የሚል ሰው ይመጣል፣ እሺ አትበዪ። ሲሚንቶ ለኖራ ግድግዳ ይጠነክርበታል፣ ርጥበትም ይይዛል።

የፒያሳዋ (ጠያቂ)
የመኝታ ቤቱንስ ምን ልቀባው? ቀለም ቀቢው ፕላስቲክ ቀለም ይላል።

እማማ የቀሃዋ
ጭቃ ይተነፍሳል ልጄ። ኖራ ቀቢው።

ስፓቱላ
እማማ ልክ ናቸው። ፕላስቲክ ቀለም ርጥበቱን አፍኖ በክረምት ይላጥብሻል። ኖራውን እንደ ወተት አቅጥኚው። ግድግዳውን በዚያው መርጫ ትንሽ ካረጠብሽ በኋላ ስስ አድርገሽ ቀቢ፣ ሲደርቅ ድገሚ። የመጀመሪያው እጅ የማይሸፍን ቢመስልሽ አትደንግጪ፣ እየደረቀ ነው የሚነጣው። ጓንት አድርጊ፣ ዓይንሽንም ሸፍኚ፣ ኖራ ያቃጥላል።