አዲስ መብራት ከገጠምኩ ወዲህ ኮራሌ ነጣ፤ አለቀለት?

የአሰብ መስመር ልጅ (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነኝ። 120 ሊትር የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ፤ ዓመት አልፎታል። ውስጡ ሁለት ክሎውንፊሽ አሉ። አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ ከራሱ እየቆረጠ የሰጠኝ መሽሩም ኮራልም (እንጉዳይ የሚመስል፣ ድንጋይ ላይ የሚጣበቅ ለስላሳ የባሕር እንስሳ) አለ።

የዛሬ 11 ቀን የድሮውን መብራት አውጥቼ ኤልኢዲ ገጠምኩ። ደስ ብሎኝ ሰማያዊውንም ነጩንም 100 በመቶ ለቀቅኩት፣ በቀን 12 ሰዓት። በአምስተኛው ቀን ቀዩ መሽሩም ደበዘዘ። አሁን ወረቀት መስሏል፣ ተኮማትሯል። የባሰበት ድንጋዩ አናት ላይ ያለው ነው። ከስር ጥላ ውስጥ ያለው ግን ቀለሙ እንዳለ ነው። ሙቀት 25.5 ዲግሪ፣ የጨው መጠን 1.025፣ ናይትሬት 5 አካባቢ።

ነጭ ኮራል ያስፈራኛል። አባቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። አንዴ ነጭ፣ አበባ የመሰለ ድንጋይ አምጥቶ ቡፌው ላይ ከሲኒዎቹ አጠገብ አስቀመጠው። እናቴ አቧራውን ስታራግፍለት ነው ያደግኩት። የሞተ ኮራል አጽም መሆኑን ያወቅኩት አኳሪየም ከጀመርኩ በኋላ ነው። የኔም ወደ ቡፌው እየሄደ ይሆን?

ኮምቦልቻ ጨው
አብሽር ወንድሜ። ቡፌው ላይስ አይደርስም፤ መሽሩም አጽም የለውም። ቢሞት ይሟሟል እንጂ ድንጋይ አይሆንም። ደግሞ ነጣ ማለት ሞተ ማለት አይደለም።

ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። በብርሃን ምግብ እየሠሩ ይቀልቡታል። ብርሃኑ ሲበዛባቸው እሱን የሚጎዳ ነገር ማመንጨት ይጀምራሉ፤ ያኔ ያስወጣቸዋል። የቀረው ሥጋ ብቻ ስለሆነ ነው ነጭ የሚመስለው። ውሃው ቢሆን ጥፋተኛው ከስር ያለውም አይተርፍም ነበር። መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል።

ዛሬውኑ ወደ 30 በመቶ አውርደው፤ 8 ሰዓት ይበቃል። ጨርሰህ ግን አታጥፋው፣ የቀሩት አልጌዎች ብርሃን ይፈልጋሉ። መሽሩሙን ከድንጋዩ አትላጠው፤ ከነድንጋዩ ጥላ ወዳለበት አውርደው። ሲያገግም በሳምንት 5 በመቶ ብቻ ጨምር። ዓይንህንም አትመን። ሰማያዊ ብርሃን ለኛ ደብዘዝ ይላል እንጂ ለአልጌው ብርቱ ነው። እኔም እንደዛ ነው የተሸወድኩት።

የወልዲያው
ውሃውን በሙሉ ብትቀይረውስ?

ኮምቦልቻ ጨው
ኧረ ተው! የተጎዳ ኮራል ላይ ሌላ ድንጋጤ መጨመር ነው። በሳምንት 10 በመቶ ይበቃዋል።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ የደሴው። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ሙቀቱ ስንት ይደርሳል? የጦሳ ብርድ የዋዛ አይደለም።

የአሰብ መስመር ልጅ (ደሴ)
ባለፈው ሐሙስ ለ6 ሰዓት ጠፍቶ 22 ደረሰ። መስታወቱን ጋቢ አለበስኩት፣ ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀብኝ።

ኮምቦልቻ ጨው
ጋቢው ጥሩ ነው! ለአንድ ሌሊት 22 አይገድለውም። ብርድም ኮራል ያነጣል፣ ግን አንዱን መርጦ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ አየሩ ነው። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፤ እዚያ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፉ ያንሳል። ፓምፑ ሲቆም ዓሦቹ ቶሎ ይታፈናሉ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ግዛ። እስከዚያው በጣሳ እየቀዳህ ከላይ አፍስስ።

መሽሩሙን ደግሞ መግበው። ቀላቢዎቹ ሄደውበታል፣ ርቦታል። የዓሣ ምግብ አርጥበህ ትንሽ ፍርፋሪ በሳምንት ሁለቴ አፉ ላይ ጣልለት። ካልያዘ አንሳው፣ ውሃ ያበላሻል።

የአሰብ መስመር ልጅ (ደሴ)
ከ3 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ትልቁ ተዘርግቷል፤ ጠርዙ ላይ ቡናማ ነገር ጀምሯል። ትንሹ ግን ሟሟ፣ አልተረፈም። አባቴ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ይኼ ለስላሳው ነው እንዴ እንደዚያ የሚሆነው?» አለ። የቡፌው ሌላ ዘር መሆኑን ለማስረዳት ሁለት ስኒ ቡና ፈጀብኝ።

አሁንም 30 ላይ ነኝ። 35 ላድርገው?

ኮምቦልቻ ጨው
ቡናማው አልጌው ሲመለስ ነው፤ መሀሉ ድረስ ይግባ። ቆይ።