እግሬ ሲታመም ልቤ ለምን አልታመመም?

ባለ ከዘራው፦
ቅዳሜ ከልጄ ጋር ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም በእግር ወጣን። ዳገቱ ላይ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ደርሶ ነበር፤ ቁልቁለቱን ግን እየተጨዋወትን ነው የወረድነው። እሑድ ደህና ዋልሁ። ሰኞ ጠዋት ወንበር ላይ ለመቀመጥ ጠረጴዛ መደገፍ አስፈለገኝ፤ ታፋዬ እንጨት ሆኗል። መሥሪያ ቤት «ጡንቻ ሲለፋ የሚያመነጨው ላክቲክ አሲድ ነው» ይሉኛል። ይሁን፤ ታዲያ የባሰ የለፋው ልቤ ነው፣ እርሱም ጡንቻ ነው፤ ለምን አልታመመም?

ሥጋ ሻጩ፦
ሥጋ ስቆርጥ መስመር መስመር ሆኖ አየዋለሁ። ያ ተበጥሶብዎት ይሆናል።

የቤተ ሙከራው፦
ጋሼ፣ ላክቲክ አሲዱን ይተዉት። ሲያርፉ በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ይጠራል፤ ሰኞን አይጠብቅም። ጥፋተኛው ያ የተጨዋወቱበት ቁልቁለት ነው። ስንወርድ የታፋ ጡንቻ እንደ ፍሬን ይይዘናል፤ እየተኮማተረ ሳለ ይለጠጣል።

ሥጋ ሻጩ በዓይን የሚያዩት የጡንቻ ክሮች እሥር ነው፤ ቁመቱን ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ጡንቻ በትምህርት «ባለ መስመር» ያሰኘው ግን ክሩን አግድም የሚያቋርጠው መስመር ነው። ለተማሪዎቼ የምላስ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ 400 ጊዜ አጉልቼ ሳሳይ ጠቆርና ነጣ እያለ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይደረደራል፤ አንዱ ክፍል 2 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሁለት ሺህኛ እጅ) ቢሆን ነው። እዚያ ውስጥ አክቲንና ማዮሲን የሚባሉ ቀጫጭን የፕሮቲን ክሮች አንዱ በሌላው መካከል ይንሸራተታሉ እንጂ ራሳቸው አያጥሩም። ይህን በ1954 እ.ኤ.አ. ሁለት ቡድኖች ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት በአንድ ዕትም አወጡት፤ በሁለቱም ውስጥ ሃክስሊ የሚባል ሰው ነበረ፤ ዘመድ ግን አይደሉም።

ቁልቁለት ላይ ከእነዚህ ክፍሎች አንዳንዶቹ ከልክ በላይ ተስበው ይጎዳሉ። ሕመሙ የሚብሰው ሰውነት ጥገና ሲጀምር ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ነው።

ልብዎም ባለ መስመር ነው። ነገር ግን ደም የሚሞላው ተፈትቶ ነው፤ ፍሬን አይዝም። ደግሞም ከሕዋሱ ሲሶ ያህሉ ማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም የሕዋስ ኃይል ማመንጫ፣ ስለሆነ እንደ እግር ቶሎ አይዝልም።

ነርሷ፦
ሽንትዎ እንደ ጥቁር ሻይ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ክፉኛ የተጎዳ ጡንቻ የሚለቀው ፕሮቲን ኩላሊት ይጎዳል።

ባለ ከዘራው፦
ሽንቴ ደህና ነው፤ አመሰግናለሁ። ከእንግዲህ ወጥቼ በታክሲ እወርዳለሁ።

የቤተ ሙከራው፦
አይሆንም ጋሼ! ሕመሙ ሲተውዎት ያንኑ ቁልቁለት ይድገሙት። ጡንቻ አንድ ጊዜ ከቀመሰው ለሁለተኛው ይዘጋጃል፤ ያን ያህል አያምዎትም።

ባለ ከዘራው፦
ይህን ልጄ ባታነበው በወደድሁ። ለሚመጣው ቅዳሜ ቀጥራኛለች።